ሁለት ሰሜን ሸዋ፥ አንድ ገንፎ

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ገንፎ ነው። የተከበራችሁ መምህራን፥ ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፥ ቀልድ አይምሰላችሁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር 29 ቀን ነው። ይህ ቀን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ዕለት ሲሆን፥ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን እየተባለ በየዓመቱ እንደሚከበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በግቢያችንም ድንኳኖች ተተከሉ። እያንዳንዱ ክልል በየድንኳኑ ከሌላው የሚለይበትን ባህል ብቻ እንዲያሳይ ትእዛዝ ወጣ። እኛም እንደ ታዘዝነው ገባን።

በአማራው ድንኳን ከደብረ ብርሃን የመጣው ጓደኛችን የገብስ ገንፎ አሠርቶ፥ መካከሉን ጎድጉዶ፥ ቅቤና በርበሬ አፍስሶበት አቀረበ። ከገበታው ሥርም የመንዝ ባና ዘረጋ። በኦሮሚያው ድንኳን ደግሞ ከፍቼ በኩል የመጡት ሁለቱ ጓደኞቻችን የገብስ ገንፎ አሠርተው፥ መካከሉን ጎድጉደው፥ ቅቤና በርበሬ አፍስሰውበት አቀረቡ። እነርሱም ባና ዘርግተው ነበር። አዘጋጅ ኮሚቴው እየዞረ ሲመረምር ከሁለተኛው ድንኳን ሲደርስ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህማ ከወዲያኛው ጋር ተመሳስሏል፤ ከሁለት አንዱ ይነሣ» አለ። የማን ይነሣ? ግማሽ ሰዓት ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ፍርድ ተሰጠ፤ ገንፎና ባና ለአማራ፥ ጭኮና የፈረስ ዕቃ ለኦሮሚያ። የደብረ ብርሃኑ ልጅ ከአያቱ ቤት ተሸክሞት የመጣውን ልጓምና እርካብ ወደ ሻንጣው መለሰ። የፍቼዎቹም ገንፏቸውን ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ተቀመጡ። እኛም ሄደን አብረን በላን። ጥሩ ገንፎ ነበር።

ኮሚቴውን ለመስደብ አልተነሣንም። አባሎቹ ጓደኞቻችን ናቸው፤ የተሰጣቸውን መመሪያ ፈጸሙ እንጂ ክፋት አላሰቡም። ጠባችን ከመመሪያው ጋር ነው። መመሪያው የቆመበት ሐሳብ ይህ ነውና፤ ባህል እንደ መታወቂያ ወረቀት በአንድ ሰው ኪስ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው፤ በሁለት ሰው ኪስ ከተገኘ አንዱ ሰርቋል ማለት ነው። ይህ ሐሳብ የኮሚቴው ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀትና ቀለም ባላባከንን ነበር። ነገር ግን በመኝታ ቤታችን፥ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ፥ አንዳንድ ጊዜም (መምህራኖቻችን ይታገሡን) በመማሪያ ክፍል ሳይቀር የሚሰማ ሐሳብ ነው።

እኛ የዚህ ጽሑፍ ባለቤቶች ስድስት ነን። ሁለታችን የፍቼ፥ አንዳችን የደብረ ብርሃን፥ አንዳችን የመተማ፥ አንዳችን የቦረና፥ አንዳችን ደግሞ እዚሁ ኮተቤ የተወለደ ነው። የኮተቤው ልጅ አገሩን ሲጠየቅ «ኮተቤ» ይላል። ጠያቂው ግን በዚህ አይረካም፤ «እሱስ ይሁን፥ ዋናው አገርህስ?» ይለዋል። ሰው ተወልዶ ባደገበት አገር ዋና ያልሆነ አገር እንዳለው ከዚህ ግቢ በቀር የት ተምረን እናውቅ ነበር!

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

ከየካ ላምበረት መናኸሪያ አውቶቡስ የተሳፈረ መንገደኛ ለገጣፎን፥ ሰንዳፋን፥ አለልቱንና ሸኖን አልፎ ጫጫ ይደርሳል፤ ከዚያም ደብረ ብርሃን ይገባል። መንገዱ ሁሉ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ኦሮሚያ ነው፤ ከሸኖ በኋላ ጫጫ ሳይደርስ ደግሞ ወደ አማራ ክልል ይሻገራል። የሚገርመው ስሙ ነው። ወዲህ ያለው ዞን ሰሜን ሸዋ ይባላል፤ ዋና ከተማው ፍቼ ነው። ወዲያ ያለውም ዞን ሰሜን ሸዋ ይባላል፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት መንግሥታዊ ማኅተም፥ አንድ ስም። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በቅንፍ የክልሉን ስም ካልጨመረበት በቀር ደብዳቤው የት እንደሚደርስ እግዚአብሔር ይወቀው።

እስቲ መንገደኛው ሸኖ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጫጫ ላይ ይግለጥ። ምን ተለወጠ? የሰሌዳው ጽሑፍ ተለውጧል፤ ቀድሞ በላቲን ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ይበዛ ነበር፥ አሁን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሆኗል። የሕፃናቱ የትምህርት ቋንቋ ተለውጧል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሌላውስ? ሜዳው ያው ሜዳ ነው። ገብሱ ያው ገብስ፥ በጉ ያው በግ ነው። በግቢው ጥግ የተከመረው ኩበት ያው ነው። እረኛው የተከናነበው ባና ያው ነው። ሌሊት የሚወርደው ውርጭ የገብሱን እሸት ሲያቃጥል ወሰን ላይ ደርሶ አይቆምም።

ደብረ ብርሃንም ፍቼም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ የሚገኙ ደጋዎች ናቸው። እንዲህ ባለ ከፍታ የሚኖር ገበሬ ቋንቋው ማንኛውም ቢሆን ብዙ ምርጫ የለውም። ጤፍ በብርዱ ስለማይመች ገብስ ይዘራል። ገብስ ከዘራ ገንፎ፥ ቆሎ፥ በሶ ይበላል፤ በቅቤ ሲያሸው ጭኮ ይሆንለታል፤ ሲጠምቀው ጠላ ይሆንለታል። ብርድ ነውና በግ ያረባል፤ ጠጕሩን ፈትሎ ባና ያሠራል። እንጨት የለምና ኩበት ያነዳል፤ በኋላም በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣውን ባሕር ዛፍ ይተክላል። ሣር ደህና ነውና ላም ያልባል፤ አዲስ አበባ ቅርብ ናትና ወተቱን ለነጋዴ ይሸጣል። ይህን ሁሉ ያደረገው አማራ ወይም ኦሮሞ ስለ ሆነ ነውን? ብርዱስ የየትኛው ብሔረሰብ ነው?

ባለፈው ሳምንት ለዚህ ጽሑፍ ስንል ሾላ ገበያ ወርደን ነበር። የሸኖ ለጋ ቅቤ ከምትሸጥ አንዲት እናት ዘንድ ቆምን። «እማማ፥ ይህ ቅቤ ከኦሮሚያ በኩል ነው ወይስ ከአማራ በኩል?» ብለን ጠየቅናት። ቀና ብላ አየችንና «ልጆቼ፥ ከላም ነው» አለችን። «ካልገዛችሁ ለገዢ መንገድ ልቀቁ» ብላም ጨመረች። መቶ ግራም ገዝተን ተመለስን። ከአንድ ሴሚስተር የባህል ጥናት ኮርስ የበለጠ ትምህርት በዚህ ዋጋ ማግኘታችን ርካሽ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ። ከስድስታችን አንዱ የመተማ ልጅ ነው ብለናል። መተማ በአማራ ክልል በሱዳን ወሰን ያለ ቆላ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ ይመረትበታል። ይህ ጓደኛችን በአማራው ድንኳን ከደብረ ብርሃኑ ልጅ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ ባህሉ እንደ ሆነ ተነግሮት ባናውን እንዲደርብ ተገደደ። እርሱ ግን ወደ የካ ተራራ ግርጌ መጥቶ እስኪበርደው ድረስ ባና ዓይቶ አያውቅም ነበር። ከቦረና የመጣችው እኅታችንም በኦሮሚያው ድንኳን የፍቼን ገንፎ እንደ ባህሏ እንድታብራራ ታዝዛ፥ «እኛ ዘንድ ወተት እንጂ ይህ ነገር የለም» ብላ ሁሉን አሳቀች። ከፍቼዎቹ ጋር አንድ ቋንቋ ትናገራለች፤ ስለ ገዳ ሥርዓት ስትናገር እነርሱም አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ፤ ይህ ዝምድና የእውነት ዝምድና ነው፥ አንክደውም። የዓመቱን ሥራ፥ የምሳውን ገበታ፥ የሌሊቱን ልብስ የጠየቅን እንደ ሆነ ግን የፍቼው ልጅ የሚመስለው የደብረ ብርሃኑን ልጅ ነው።

እንግዲህ ሰው በአንድ መልክ ብቻ አይዛመድም። በቋንቋ ከሩቅ ካለው ይዛመዳል፤ በኑሮ አጠገቡ ካለው ይዛመዳል። የድንኳኑ መመሪያ የመጀመሪያውን ዝምድና ብቻ ቆጥሮ ሁለተኛውን ሰረዘ። ጥፋቱ ይህ ነው።

«ፈረስ የኦሮሞ ነው» የተባለውንም ፍርድ ልናልፈው አንችልም። በሸዋ መኳንንት ዘንድ ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ የታወቀ ነው። ብዙ የታሪክ ሰዎች ልማዱ ከኦሮሞ የመጣ ነው ይላሉ፤ እንቀበላቸዋለን። ታዲያ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፥ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል ሲባሉ ከየትኛው ድንኳን ሊቀመጡ ነው? ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላ ከዚሁ ከጫጫ አካባቢ ናት፤ ኦሮሞና አማራ ተቀላቅሎ የሚኖርባት አገር ናት። ዛሬም በዚያ ሰፈር አያቱ ቱፋ፥ አባቱ ገብረ ሥላሴ፥ ራሱ ደግሞ ዳንኤል የሆነ ተማሪ ብታገኙ አትደነቁ። የአያቱን ልጓም ግን ወደ ሻንጣህ መልስ እንዳትሉት።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር እንበል። በሰላሌ ገበሬ ብቻውን የማይችለው ሥራ ሲመጣበት ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ያበላል፥ ያጠጣል፥ ሥራውም በአንድ ቀን ያልቃል፤ ይህን ደቦ ይለዋል። በተጉለትም ገበሬው እንዲሁ ያደርጋል፤ ስሙም ደቦ ነው። ጅጊ ይላሉ ወዲህ፤ ጅጊ ይላሉ ወዲያ። በተራ አንዱ ለአንዱ የሚሠራበትን ወንፈል ይሉታል፤ ኦሮምኛውም እጅግ የተቀራረበ ነው። ማን ከማን እንደ ወሰደው የቋንቋ መምህራኖቻችን ይንገሩን፤ እኛ አናውቅም። የምናውቀው ቃሉ ያለ ሥራው እንደማይሻገር ነው። ሰው የጎረቤቱን የሥራ ቃል የሚወስደው አብሮት ያጨደ እንደ ሆነ ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃልም ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባው ብቻውን አይደለም፤ ልጅ ተይዞ ነው የገባው።

የወሰኑን ዕድሜ ደግሞ እንመልከት። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጊዜ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት ነበረ፤ ሰላሌ፥ መርሐ ቤቴ፥ መንዝና ግሼ፥ ተጉለትና ቡልጋ፥ ይፋትና ጥሙጋ፥ መናገሻ በሥሩ ካሉት አውራጃዎች መካከል ነበሩ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1980 ዓ.ም. ደርግ ካርታውን እንደ ገና ሲከልስ ሸዋ ተከፋፍሎ ሰሜን ሸዋ የሚባል አስተዳደር ተፈጠረ። በ1984 ዓ.ም. ክልሎች ሲዋቀሩ ያ ስም ለሁለት ተካፈለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ የነበሩት ክልሎችም ዛሬ አሥራ ሁለት ሆነዋል። ከዚሁ ከየካ ቀጥላ ያለችው ለገጣፎ እንኳ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ አካል ሆናለች። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከጎጆው ሳይወጣ በአራት ዓይነት አስተዳደር ስም ኖሯል። በሬው ግን አንድም ጊዜ መንገድ አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። እነርሱም ሁለት ወገን ናቸው።

አንደኛው ወገን «እናንተ የድሮውን ጠቅላይ ግዛት ለመመለስ በገንፎ ተሸፍናችሁ የመጣችሁ ናችሁ» ይለናል። አይደለንም። ከአብዮቱ በፊት በሰላሌ ያለ ኦሮሞ ገበሬ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በራሱ አገር በአስተርጓሚ ይናገር እንደ ነበር፥ ልጁም ትምህርት ቤት ሲገባ የእናቱን ቋንቋ በር ላይ ጥሎ ይገባ እንደ ነበር እናውቃለን። ከመሬቱ እስከ 1967ቱ አዋጅ ድረስ ያልተላቀቀውን የገባርነት ቀንበርም እናውቃለን። ዛሬ የፍቼ ሕፃን በኦሮምኛ መማሩ መብቱ ነው፤ ይህን መብት የሚነካ ሰው ቢመጣ ስድስታችንም እንቃወመዋለን፥ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ከፊት ሆኖ። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎች ወረቀት ላይ ኢትዮጵያ የብዙ ብሔሮች አገር እንጂ የአንድ ብሔር አገር አይደለችም ብሎ ሲጽፍ ያነሣው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን የአንዱ ቋንቋ ይከበር ማለት ጎረቤትህን አትምሰል ማለት ነውን? ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ያወጣው ማን ነው? ዋለልኝ አይደለም፤ የድንኳን ኮሚቴ ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ በደስታ አቅፎ ሊስመን ይመጣል። «አያችሁ! ሁላችንም አንድ ነን፤ ልዩነት የሚባል ነገር ፈጠራ ነው» ይለናል። ከዚህም ወገን ጋር አንስማማም፤ እንዲያውም መሳሙ ያስፈራናል። መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም። የፍቼዎቹ ልጆች በልቅሶ ላይ የሚያወርዱት ግጥም በኦሮምኛ ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ቃሉን አያውቅም፤ ሲያለቅሱ ግን አብሮ ያለቅሳል። «ሁላችንም አንድ ነን» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ «ሁላችሁም እኔን ናችሁ» ማለቱ ነው። ገንፎ ተመሳሰለ ተብሎ ቋንቋ ይቅር የሚል ካለ ከእኛ ማዕድ ይነሣ።

ስለ ሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ እንስጥ፤ ወገኖቻችን አሜሪካን መጥቀስ ይወዳሉና። በሰሜን አሜሪካ ዳኮታ የሚባል አንድ ግዛት ነበረ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 ለሁለት ተከፍሎ ሰሜን ዳኮታና ደቡብ ዳኮታ ተባለ። ሁለቱም በአንድ ቀን፥ በኅዳር 2፥ የኅብረቱ አባል ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ ሃሪሰን የማንኛው ወረቀት መጀመሪያ እንደ ተፈረመ እንዳይታወቅ ወረቀቶቹን አደባልቀው እንደ ፈረሙ ይነገራል። በወሰኑ ላይ የድንጋይ ምልክት ተተከለ። ከምልክቱ ወዲህም ወዲያም ስንዴ ይታጨዳል፤ ብርዱም አንድ ነው፤ እርስ በርስ ይቀላለዳሉ እንጂ አይገዳደሉም። ይህን ሲሰሙ «እኛስ እንዲህ ብንሆን!» የሚሉ አሉ። ቆም ይበሉ። ዳኮታ የሰፋሪዎቹ ስም አይደለም፤ መሬቱን የተነጠቀው ሕዝብ ስም ነው። ወሰኑ ሲሰመር የስሙ ባለቤት አልተጠየቀም። ስለዚህ ከዳኮታ የምንማረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በሁለት ግዛት የሚኖሩ ጎረቤቶች መመሳሰላቸው ማንንም አያሳፍርም። የቀረውን ከራሳችን እንማር።

ከራሳችን ለመማር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከግቢያችን ወጥቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጋራ የወጣ ሰው የሚቆምበት ጀርባ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፥ ቦታ ቦታም ያልፋል። ክረምት በዚያ ጀርባ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ የወረደው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል። አንዱ ጠብታ ሜዲትራንያን፥ ሌላው ጠብታ የአፋር በረሃ ይደርሳል። ውሃ እንኳ እንዲህ ሲለያይ፥ እንጨት ተሸክመው ጋራውን የሚያቋርጡት እናቶች ግን ወዲህም ወዲያም አንድ ዓይነት ጀርባ አላቸው፤ የጎበጠ። ከጫካው ዝቅ ብሎ ከአንድ ቋጥኝ ወደ ተፈለፈለው ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣ ምእመንም ከየት አገር እንደ መጣ የሚጠይቀው የለም። (ቢጠየቅም ዋናውን አገሩን መሆን አለበት!)

ስለ ደብረ ሊባኖስ የምንለው አጭር ነው። ገዳሙ ዛሬ በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። ከሁለቱም ሰሜን ሸዋዎች፥ ከጎጃምም ከሌላውም ሰው ይሳለመዋል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮች በዚያ መነኮሳቱን፥ ዲያቆናቱንና ለበዓል የመጡትን ምእመናን ሲፈጁ በየአውራጃቸው አልለዩአቸውም። የፍቼው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስም በ1928 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ሲረሸኑ የተረሸኑት ለአንድ አውራጃ አልነበረም።

እስካሁን የጻፍነውን አንዳንድ አንባቢ እንደ ምግብ ዝርዝር ሊመለከተው ይችላል። «በዚህ ጊዜ ስለ ገንፎ!» ይል ይሆናል። እኛም ስለ ገንፎ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን።

በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ማብቂያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተማሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት ሞቱ፤ እሳቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሄዱ። በ2016 ዓ.ም. በሰኔ ማለቂያ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች በጎጃም መንገድ በገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ገብረ ጉራቻ የት ነው? በፍቼው ሰሜን ሸዋ ነው። የፍቼዎቹ ጓደኞቻችን በዚያ ሳምንት ከመኝታ ቤት መውጣት አፈሩ፤ ምንም ያላደረጉ ልጆች! የደብረ ብርሃኑ ጓደኛችንም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የአባቱን ድምፅ ለሳምንታት ሳይሰማ የቆየበት ጊዜ ነበር፤ ስልክ ተቋርጦ ነበርና። በዚያ ጊዜ አብሮት ያደረ፥ አብሮት የጾመ ማን ነበር? የመተማው ልጅ ነበር፤ የፍቼዎቹም ነበሩ።

አባቱ በጎቹን ይነዳበት የነበረው ገበያ ሸኖ ነበር። ከሸኖ የሚመጡ ነጋዴዎች ደግሞ ወደ ጫጫ ይሻገሩ ነበር። እነዚያ ሰዎች የተዋወቁት በአንድ ቀን አይደለም፤ ዕዳ ተበዳድረዋል፥ አበልጅ ሆነዋል፥ ልጅ ተዳድረዋል። መንገዱ ሲዘጋ የተዘጋው የበግ ዋጋ ብቻ አይደለም። አንዱ ወገን ሌላውን በዓይኑ ማየት ሲያቆም ስለ እርሱ የሚነገረውን ሁሉ ማመን ይጀምራል። ጎረቤቱን በገበያ የሚያየው ሰው «እነዚያ አውሬ ናቸው» ሲሉት፥ «እረ ተው፥ ባለፈው ሐሙስ በሬ ሸጦልኛል» ይላል። በገበያ ያላየው ሰው ግን ምን ይላል? ምንም አይልም፤ ያዳምጣል።

እንግዲህ የድንኳኑ መመሪያ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? አገናኝቶታል። የሚመሳሰለውን ከገበታ ላይ አንሥቶ የሚለየውን ብቻ የሚያሳይ በዓል በሰላም ጊዜ የሚደረግ መንገድ መዝጋት ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ ድንኳኑ መጥቶ ሲወጣ የተማረው ምንድር ነው? ሸኖና ጫጫ የማይገናኙ ሁለት ዓለሞች ናቸው የሚል ነው። ከቀዳማዊ ትምህርቱ አንዱ ሐሰት ሆነ ማለት ነው፤ ያውም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ፥ ያውም በመምህራን ፊት፥ ያውም በጭብጨባ።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ወቀሳ አለን፤ በአክብሮት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረ ሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ አጥንቶ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን በፈረንጆች 1965 አሳተመ። በ1974 ደግሞ «ታላቋ ኢትዮጵያ» በተባለው መጽሐፉ አማራውንም ትግሬውንም ኦሮሞውንም ሌላውንም በአንድ የታሪክ መረብ ውስጥ አድርጎ ለማየት ሞከረ። የጻፈውን ሁሉ አንቀበልለትም፤ ክርክር የሚያስነሣ ብዙ ነገር አለበት። ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የጠየቀውን ጥያቄ እኛ 70 ኪሎ ሜትር ርቀን አልጠየቅነውም። በመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሶች ዝርዝር ውስጥ የሸኖና የጫጫን ገበያ የሚያጠና አንድም ርዕስ አላገኘንም። የእገሌ ብሔረሰብ የሠርግ ሥርዓት፥ የእገሌ ብሔረሰብ የልቅሶ ሥርዓት የሚል ግን ሞልቷል። ከሁለቱ ወገን የሚጋቡትን ሠርግ ማን ያጥናው? እርሱስ ሥርዓት የለውም?

ለሚቀጥለው ኅዳር የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ድንኳኖቹ ይቅሩ አንልም፤ የቦረናዋ እኅታችን ስለ ገዳ ልትናገር፥ የመተማው ልጅም ሰሊጡን ሊያሳይ ይገባል፤ የሚለየንን ማየት እንወዳለን። ነገር ግን በየሁለቱ ጎረቤት ድንኳኖች መካከል አንድ ረጅም ገበታ ይቀመጥ። ሁለቱም ወገን «ይህማ የኛ ነው» የሚሉት ነገር ሁሉ በዚያ ላይ ይውጣ፤ ገንፎውም፥ ባናውም፥ ልጓሙም። ጠብ ቢነሣ እንኳ በገበታ ዙሪያ ይሁን። ከሁለቱ ሰሜን ሸዋዎች መካከል ላለው ገበታ ወጪውን ስድስታችን አዋጥተን እንችላለን። ኮሚቴው መልሱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍልን እንለምናለን።

እስከዚያው ድረስ ግን እኛ ዝም ብለን አንጠብቅም። በመጪው ቅዳሜ፥ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ከሾፌሮቹ ጠይቀን፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ እንገናኛለን። ሸኖ ወርደን ገበያውን እናያለን፤ የምናየውንም እንጽፋለን፤ ማተሚያው ቀለም ካልጨረሰ በሚቀጥለው ዕትም ይወጣል። የማይስማማ ሁሉ ተጋብዟል፤ በተለይም የኮሚቴው አባላት። የመሳፈሪያ ገንዘብ የየራስ ነው። ልብስ ደርቡ፤ ሸኖ ጧት ጧት ይበርዳል። ባና ለሌለው የደብረ ብርሃኑ ልጅ ያበድረዋል፤ ሁለት አለው፥ አንዱ ከፍቼዎቹ የተሰጠው ነው።